እጅህ እዚያ ምን ይሠራል?

(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «ከሕክምና ወጣ ያለ፣ ሰው የማያስተኛ ነገር አቅርቢ» አሉኝ። ባለፈው ስለ ደም ግፊት ተናግሬ ግማሹ አዳራሽ እንዳንቀላፋ ያስታወሱ ይመስለኛል። እሺ አልኩ። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንዲት ሞላ ነው። አንዳንዶቻችሁ ስፕሪንግ ትሏታላችሁ፤ እኔ ነገሩን የተማርኩት ከመካኒኮችና ከቶርኖ ቤት ስለሆነ ሞላ እላለሁ። ሥራዋ የሣር ማጨጃ የነበረን፣ አሁን የሞዴል አውሮፕላን የሆነን የቤንዚን ሞተር ማስነሳት ነው። ከሕክምና ወጣ ማለቱን እናንተ ትፈርዳላችሁ።

ነገሩ የጀመረው ሰኔ ውስጥ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት ነው። ወልቂጤ ቤቴ ቡና አፍልቼ ሁለተኛውን ልቀዳ ስል የታላቅ እህቴ ልጅ በሩ ላይ ቆመ። ቀኝ እጁ በፎጣ ተጠቅልሏል፤ የፎጣው ቀለም መጀመሪያ ምን እንደነበረ አይታወቅም። «እቴቴ፣ ትንሽ ጫር አድርጎኝ ነው» አለ። የሦስተኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነው። እኛ ቤት ወንዶቹ ምንም ቢደርስባቸው «ጫር» ነው የሚሉት፤ አባቴ እግሩ ሲሰበርም ጫር ነው ያለው።

ወደምሠራበት ቦታ ይዤው ሄድኩ። ፎጣውን ስፈታ የሌባ ጣቱና የመሃል ጣቱ ጀርባ ተከፍቷል። መምህሮቼ፣ ያስተማራችሁኝን አልረሳሁም። ማደንዘዣ ከመውጋቴ በፊት ስሜቱን ፈተሽኩ፣ ጥፍሩን ጫን አድርጌ ለቅቄ የደሙን አመላለስ አየሁ፣ እያንዳንዱን አንጓ ለብቻው «እጠፍ፣ ዘርጋ» አልኩት። የመሃል ጣቱ የተነካው ቆዳው ብቻ ነው። የሌባ ጣቱ ጫፍ ግን አልዘረጋ አለ፤ ጣቱን የሚዘረጋው ጅማት የመጨረሻው አንጓ ላይ ተበጥሷል። ራጅ ተነሳ፣ አጥንቱ ደህና ነው። አጠብኩት፣ ሰፋሁት፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወሰደ፣ ጣቱን ዘርግቼ በስፕሊንት አሰርኩና «ስድስት ሳምንት ሙሉ እንዳታጥፈው» አልኩት። ዛሬም ያ ጣት ጫፉ ጋ ትንሽ ጎንበስ ያለ ነው። እንደዚያው ይቀራል።

ምን እንደቆረጠው የጠየቅኩት ከሰፋሁት በኋላ ነው፤ መጠየቅ የነበረብኝ ግን ከሁሉ በፊት ነበር።

«ፕሮፔለር» አለኝ።

ልጁና ጓደኛው መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርደው በትከሻ የሚያዝ የሣር ማጨጃ ሞተር ገዝተዋል፤ 26 ሲሲ፣ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚቀዳለት ሁለት ምት። እንዲህ ያለውን ሞተር ለሞዴል አውሮፕላን መቀየር በዓለም ላይ አዲስ ነገር አይደለም፤ የጃፓኑ ዜኖዋ ራሱ ለሣር ማጨጃም ለሞዴልም ሞተር ሲሠራ የኖረ ስም ነው። የኛዎቹ ፍሪሲዮኑን አውጥተው በቦታው ፕሮፔለር የሚታሰርበት ቁራጭ ብረት ቶርኖ ቤት አስቀረጹ። ማቀዝቀዣ ክዳኑን ጣሉ፤ ፕሮፔለሩ ራሱ ንፋስ ይሰጣላ። ከኋላ የነበረውን፣ በገመድ ተስቦ የሚያስነሳውንም ክፍል ክብደት ይቀንሳል ብለው አወጡት። ቮላኖውን ብቻ ተዉት፤ ለካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠው ማግኔት ያለው እሱ ላይ ነው። ባለሙያዎቹ ፊት እንዲህ ስናገር ድፍረት ነው፤ ግን ሦስት ወር ሙሉ ስሰማው የከረምኩት ይሄንን ነው።

እንግዲህ ማስነሻው ከወጣ ሞተሩ በምን ይነሳል? በጣት። ፕሮፔለሩን በጣት እየገፉ።

እዚህ ላይ አምስተኛ ዓመት የተማርነው አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «የሾፌር ስብራት» የሚባለውን ታስታውሳላችሁ? ከክንድ ሁለት አጥንቶች በአውራ ጣት በኩል ያለው፣ ጫፉ የእጅ አንጓ ጋ ሲሰበር ነው። ስብራቱን እንግሊዛዊው ሐኪም ሃቺንሰን በ1866 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ገልጾት ነበር፤ የሾፌር የሚለውን ስም ያገኘው ግን መኪና ከመጣ በኋላ ነው። ያኔ መኪና የሚነሳው ከፊት በሚገባ ብረት በእጅ ተዞሮ ነበር። ሞተሩ አንዳንዴ ወደፊት በመሄድ ፋንታ መልሶ ይመታል፤ ብረቱ ወደ ኋላ ሲሽከረከር የሾፌሩን አንጓ ይሰብራል። ኬተሪንግ የሚባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በ1912ቱ ካዲላክ ላይ ከተገጠመ በኋላ ያ ጉዳት ከመኪናዎቹ ጋር ቀስ በቀስ አረጀ። ስሙ ግን መጽሐፋችን ውስጥ ቀርቷል። እኔ ለፈተና ሸምድጄው ነበር እንጂ ሞተሩ ለምን መልሶ እንደሚመታ ጠይቄ አላውቅም።

ያስረዳኝ የተሰፋው ልጅ ነው። ብልጭታው የሚመጣው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ ከሆነ እሳቱ እስኪቀጣጠል ፒስተኑ ጫፉን አልፎ ይገኛል፤ ይገፋዋል፣ ወደፊት ይሄዳል። ጣት ሲገፋው ግን ቀርፋፋ ነው። ፒስተኑ ገና እየወጣ ሳለ እሳቱ ይደርስበታል፣ ወደመጣበት ይመልሰዋል፤ ፕሮፔለሩም ወደ ጣቱ ይመለሳል። ሁለት ምት ሞተር እንዲያውም በተቃራኒው ተነስቶ እየሠራ ሊቀጥል ይችላል።

ዕድለኛ ነበር። ፕሮፔለሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ 45 ሳንቲ ሜትር ነው። ሞተሩ ተነስቶ በደቂቃ 7,000 ዙር እየዞረ ቢሆን ኖሮ ጫፉ በሰዓት ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይፈጥናል። የዚያን ቀን የማወራችሁ ስለ ስፌት አይሆንም ነበር።

እህቴ የምትኖረው ቡታጅራ ነው። በስልክ ሰምታ አለቀሰች፣ ከዚያ ተቆጣች፣ ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አንቺ ነሽ የሚሰማሽ፤ ያንን ብረት አስጥይልኝ!» እትዬ ካለችኝ አልወጣም። ልጁን ጠርቼ «በቃ፣ ይጣል» አልኩት። «እሺ» አለ። ቶሎ እሺ ሲል መጠርጠር ነበረብኝ፤ ስኳር አቁም ያልነው ታካሚ ቶሎ እሺ ሲለን የሚሆነውን እናውቀው የለ?

ከሦስት ሳምንት በኋላ ማታ ሥራ አድሬ ንጋት ላይ ስመለስ ከግቢው ጀርባ «ጣ… ጣ…» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ልጁ ነው። አውሮፕላኑን ጉልበቶቹ መካከል አጣብቆ፣ ቀኝ እጁ በስፕሊንት እንደታሰረ፣ ፕሮፔለሩን በግራ እጁ ይገፋል። ጓደኛው የለም። የበፊቱ ጊዜ ጓደኛው ጭራውን ይይዝለት ነበር፤ የቆረጠው ጊዜም ፎጣ ያመጣውና ወደኔ ያደረሰው እሱ ነው። እኔ ስከለክል ጓደኛውም ፈርቶ ቀረ። ክልከላዬ ያመጣው ለውጥ ያ ብቻ ነበር፤ ልጁ ሥራውን አልተወም፣ ብቻውን ሆነ።

እዚያው ቆሜ ልጮህበት አፌን ከፈትኩና የወጣው ሌላ ነገር ነው፤ «አንተ ልጅ፣ እጅህ እዚያ ምን ይሠራል?»

«ማስነሻ የለውማ!»

«ታዲያ ማስነሻ ይሠራለት።»

አሁን ወደ ቡታጅራ ልውሰዳችሁ፤ ለዚህች ከተማ የግል ዕዳ አለብኝ። ብዙዎቻችን ቡታጅራን የምናውቃት በገጠር ጤና ፕሮግራሟ ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ ልደት፣ ሞት፣ ጋብቻና ፍልሰት የሚመዘግቡባት፣ ስንቱ የመመረቂያ ጽሑፍ የተወለደባት ቦታ ናት። ያን መዝገብ አከብራለሁ። ነገር ግን ሰው ካልሞተ ወይ ካልተወለደ መቁጠሪያ ውስጥ ለመግባት ይቸገራል። ጣት አይሞትም። የአንድ ባለ ወፍጮ ጣት፣ የአንድ ጥበቃ ዓይን፣ የትም አይጻፍም።

ጥበቃውን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ከተመረቅኩ በኋላ በዚያው አካባቢ በአንድ ጤና ተቋም ሠርቻለሁ። በገመድ የሚነሳ ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ነበረን። አንድ ሌሊት እናት ምጥ ላይ እያለች መብራት ሄደ፤ ጥበቃው ገመዱን ሲስብ ገመዱ ተስቦ ቀረ፣ አልተመለሰም። ውስጡ ያለችው ሞላ ተበጥሳለች። በእጅ ባትሪ አዋለድን፤ እናትም ልጅም ደህና ሆኑ። ጠዋት ላይ ጥበቃው ሊረዳን ብሎ ክዳኑን ፈታ። እንደ ሰዓት ሞላ ተጠቅልላ የተቀመጠችው ጥፍጥፍ ብረት ዘልላ ወጥታ ከዓይኑ ሥር ሰነጠቀችው። አንድ ጣት ከፍ ብላ ቢሆን ዓይኑ አይተርፍም ነበር። ስሰፋው «ዶክተርዬ፣ ብረት ይነክሳል እንዴ?» አለኝ። የተቆጣጠረ ሞላ ብርታት ነው፤ ያመለጠ ሞላ ቢላዋ። ስለዚህ ልጁ ሞላ ሲለኝ ደስ ብሎኝ አልነበረም።

ልብ በሉ፣ የጄኔሬተሩ ሞላና የሞዴሉ ሞላ ሥራቸው ይለያያል። የጄኔሬተሩ ሞላ ሞተሩን አያዞርም፤ ሞተሩን የሚያዞረው የሰው ክንድ ነው፣ ሞላው ገመዱን መልሶ ይጠቀልላል ብቻ። የሞዴሉ ሞላ ግን ራሱ ክንድ ነው። በቀስታ ወደ ኋላ ታጠራቅሙበታላችሁ፣ ሲለቀቅ ፕሮፔለሩን ወደፊት በአንድ ጊዜ ያሽከረክረዋል። አሜሪካ ውስጥ ኮክስ የሚባሉት የልጆች ሞዴል ሞተሮች ይሄንኑ ይዘው ይሸጡ ነበር። ጣት የማይሰጠውን ፍጥነት ይሰጣል፤ ፍጥነት ካለ ብልጭታውም ይጠነክራል፣ መልሶ መምታቱም ይቀንሳል።

ቡታጅራ አንድ ቶርኖ ቤት አለ፤ ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ ጋሼ እላቸዋለሁ። ልጁን ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ሞተሩን ገለባብጠው አይተው የጠየቁት ጥያቄ እኔ ሌላ ቦታ ሰምቼው የማላውቅ ነው፦ «ይሄ ወዴት ነው የሚዞረው?» እኔና ልጁ ተያየን። ሞተሩ በየት በኩል እንደሚዞር ካልታወቀ ፕሮፔለሩም ሞላውም በግምት ነው።

የመጀመሪያዋን ሞላ ልጁ ራሱ ነው የጠቀለላት፤ ግን በተቃራኒው። ሞላ ስትጠመዘዝ መጠቅለያዋ እየጠበበ መሄድ አለበት፤ ይቺ ግን እየተከፈተች ሄደች፣ ሦስተኛው ሙከራ ላይ እንደ ተፈታ ሹሩባ ቀረች። ሁለተኛዋን በትክክል ጠቀለላት፤ ጫፏን ለማጠፍ ግን በእሳት አቀላት። የቀላ ሞላ ብርታቱን ያጣል፣ ሽቦ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ተጠመዘዘችና እንደተጠመዘዘች ቀረች። ጋሼ ሳቁ። «እሳት ያየ ሞላ አላገጠ» አሉ። ከዚያ ከአሮጌ ሞተር ሳይክል የወጣች፣ የእግር መርገጫውን የምትመልስ ሞላ ከሣጥናቸው አወጡ። ሽቦዋ 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። ልጁ ወፍራሟን፣ 3 ሚሊ ሜትሯን ነበር የፈለገው። ጋሼ እምቢ አሉ። ሌሊት ሒሳቡን ሠርቶ መጣ፤ የሽቦው ውፍረት በሩብ እንኳ ሳይሞላ፣ በአምስተኛ ብቻ ሲጨምር ጥንካሬው እጥፍ ይሆናል። ልጁ ሊይዛት አይችልም ነበር። ጋሼ ሒሳቡን አልሠሩም፤ በእጃቸው ጠምዘዝ አድርገው ነው ያወቁት።

አንዱ ጫፏ ከሞተሩ አካል ጋር በሁለት ቡሎን ታሰረ። ሌላው ጫፍ መንጠቆ ሆኖ ፕሮፔለሩ የታሰረበት ብረት ላይ ካለች ጥርስ ጋር ይያያዛል። ሞላዋ በርዝመቷም ትንሽ ተለጥጣ ስለምትያዝ፣ ሥራዋን ጨርሳ ስትላላ መንጠቆው ከጥርሱ ይወጣና ራሷን ወደ ሞተሩ ትሰበስባለች። ይሄ ካልሆነ ሞተሩ ሲነሳ እየጎተተ ይሰባብራታል። ይቺን ለማስተካከል ብቻ ሁለት ቅዳሜ ፈጀ፤ እኔ ወልቂጤና ቡታጅራ እየተመላለስኩ የመንገዱን ጉድጓድ ቆጥሬ ጨረስኩ።

ሁሉም ሲያልቅ ልጁ በደስታ ሊያሳየኝ ሞላውን ጠመዘዘና ፕሮፔለሩን በእጁ ይዞ ቆመ። «ስለቀው ይሄዳል» አለኝ።

«እሺ፤ አሁንስ እጅህ እዚያ ምን ይሠራል?»

እዚህ ጋ ተጣላን ማለት ይቻላል። የቆዳ ጓንት አደርጋለሁ አለ፤ እምቢ አልኩ። ሌሎች በዓለም ላይ እንዲሁ ነው የሚያደርጉት አለ፤ እውነቱን ነው፣ እኔ ግን የሌሎቹን ጣት አልሰፋሁም። ነገሩን የጨረሱት ጋሼ ናቸው። ምንም ሳይናገሩ ተነስተው ከብረት ቁራጭ አንዲት ምላስ ሠሩ፤ የተጠመዘዘውን ፕሮፔለር ትይዛለች፤ ምላሷ ላይ ረጅም ሲባጎ አሰሩ። ሲባጎው በክንፉ በላይ አልፎ ከጭራው ኋላ ይደርሳል። ከዚያ የሚስብ ሰው ከፕሮፔለሩ በስተኋላ ነው ያለው። ልጁ ለደቂቃ ያህል ዝም ብሎ አየና «ይሄማ ከጓንቱ ይሻላል» አለ።

አሁን ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። አውሮፕላኑ ጭራው ከምሰሶ ጋር ይታሰራል። የብልጭታው ማጥፊያ ዝግ ይሆናል። ሞላው ተጠምዝዞ ምላሷ ላይ ይቆለፋል፤ ይሄ ሲሆን ማጥፊያው አሁንም ዝግ ነው፣ ምክንያቱም ወደ ኋላ ሲዞርም ሞተሩ እሳት ሊይዝ ይችላል። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ይመጣል። ማጥፊያው ያኔ ይከፈታል፣ እሱም ከኋላ ነው። ከዚያ ሲባጎ። ለቀዶ ሕክምና ክፍል የምንጠቀምበትን ዝርዝር የመሰለ ወረቀት ጽፎ ክንፉ ላይ ለጥፎታል፤ ያንን ከእኔ ነው የወሰደው፣ ደስ ብሎኛል።

እህቴን ማሳመኑ ቀረ። «አውሮፕላን ከኛ ቤት አይወጣም» ትል ነበር። ስለ ፀሐይ ነገርኳት። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተሠራችው አውሮፕላን ጥር 2016 ላይ ከኢጣሊያ ስትመለስ በቴሌቪዥን አይታታለች፤ ስሟ የልዕልት ፀሐይ መሆኑን ግን ልብ አላለችም፣ ልዕልቷ እንግሊዝ አገር ነርስነት ተምራ የተመረቀች መሆኗንም አታውቅም ነበር። በኛ ዘመን ደግሞ አስመላሽ ዘፈሩ የሚባለው ሰው ከፎልክስዋገን መኪና ሞተር ሰው የሚይዝ አውሮፕላን ለመሥራት መነሳቱን ነገርኳት። «እሱስ እናት የለውም?» አለች። አለችው፤ አውሮፕላኑ ስም ላይ ያለችው «ኬ» የእናቱ ናት ተብሎ ተጽፏል፤ ኪሮስ። እህቴ ይቺን ስትሰማ ትንሽ ለዘብ ያለች መሰለኝ።

መስቀል ደረሰ። ጉራጌ ከየትም አገር ቤቱ ይገባል፤ እኛም እህቴ ዘንድ ቡታጅራ ተሰበሰብን። በመስቀል ማግስት፣ ክትፎው ገና ሆዳችን ውስጥ እንዳለ፣ ልጁ አውሮፕላኑን ከእንሰቱ ጎን ካለ ምሰሶ ጋር አሰረ። ማብረር አልነበረም፤ በሬዲዮ የሚመራ ነገር ያለ ፈቃድ አይበርም፣ ጥያቄውን አስገብቶ እየጠበቀ ነው። የሚነሳ መሆኑን ለማየት ብቻ። ጓደኛውም መጥቷል። ጋሼም ተጠርተው መጡ።

ሦስት ጊዜ ተሳበ፤ «ጣ» እያለ ቀረ። ካንዴላው ሲወጣ ረጥቧል። ከባሕር ጠለል ወደ 2,000 ሜትር ከፍ ብለን ነው ያለነው፤ አየሩ በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ልጁ መርፌውን ትንሽ ዘጋ አደረገው፣ ካንዴላውን ጠራረገ፣ ወረቀቱን ከላይ ጀምሮ ጮክ ብሎ አነበበ፣ ሞላውን ጠምዝዞ ቆለፈ።

ይሄኔ እህቴ ከበሩ ተነስታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ መጣች። ልጇ የያዘውን ሲባጎ አየች፣ ከዚያ የጎበጠች ጣቱን።

«ወዲያ ቁም» አለችው። «እኔ እስበዋለሁ።»

ማጥፊያውን ጓደኛው ከፈተ። እህቴ ዓይኗን ጨፍና ሳበች። ሞተሩ ተነሳ፤ የእንሰቱ ቅጠል ሁሉ ወደ ኋላ ተኛ፣ ዶሮዎቹ በአጥር ዘለው ጎረቤት ገቡ፣ እህቴ ሲባጎውን ጥላ ጮኸች፣ ልጁ ደግሞ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ አንስቶ፣ አሥሩንም ጣቶቹን ዘርግቶ አሳየኝ።